ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር

በሰፈራችን በልደታ የሚያልፉ የታክሲ ረዳቶች አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው «ኦልድ ኤርፖርት! ኦልድ ኤርፖርት!» እያሉ ይጣራሉ። ተሳፋሪው ይገባል፤ ሒሳቡን ይከፍላል፤ «ወራጅ አለ» ብሎ ይወርዳል። አውሮፕላኑ የታለ ብሎ የሚጠይቅ አላጋጠመኝም። መንገደኞችን የጫነ አውሮፕላን ከዚያ ሜዳ መነሣቱን ከተወ ስድሳ ዓመት አልፎታል። ሜዳው ሥራውን ሲተው ስሙ ግን ሥራ አልፈታም።

በ2017 ዓ.ም. በልደታ ዋዜማ፣ ሚያዝያ 30 ማታ፣ እናቴ ንፍሮዋን ጥዳ መጣችና ኮምፒውተሬ አጠገብ ተቀመጠች።

«እስቲ ጠይቅልኝ» አለችኝ።

«ምን ልጠይቅልሽ?»

«ከዚህ አስመራ ስንት ነው?»

መልሱን ከእኔ ይልቅ እርሷ ታውቀዋለች። ቢሆንም ጻፍኩ። የአየር መንገድን ርቀት የሚያሰሉ ገጾች አሉ፤ የሁለት አየር ማረፊያዎችን ስም ሲሰጧቸው በመሬት ሉል ላይ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያደርሰውን አጭሩን መስመር ይስላሉ። አውሮፕላን በሰዓት ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል ብለው ያካፍላሉ፤ ለመነሻና ለማረፊያ ግማሽ ሰዓት ይመርቁበታል። ከዚህ ሌላ የሚጠይቁት ነገር የለም። ስለ መንግሥታት አይጠይቁም፤ ስለ ዘመንም አይጠይቁም። 700 ኪሎ ሜትር ያህል፣ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ገደማ የሚል መልስ ወጣ። ነገርኳት።

«ያው ነው» አለችና ወደ ድስቷ ተመለሰች።

እኔ ግን ካርታውን ከፍቼ ቀረሁ። አዲስ አበባና አስመራ በካርታ ላይ ያላቸውን አቀማመጥ ልብ ብሎ ላየ ሰው የሚያስገርም ነገር አለው። ሁለቱም አየር ማረፊያዎች በሠላሳ ስምንተኛውና በሠላሳ ዘጠነኛው የኬንትሮስ መስመሮች መካከል፣ አንዱ በሌላው ራስ ላይ የቆሙ ያህል ናቸው። ከቦሌ የተነሣ አብራሪ ፊቱን ወደ ሰሜን ካቀና ወደ ቀኝም ወደ ግራም ብዙ ሳይዞር አስመራ ይደርሳል። ከፍታቸውም ቢሆን አንድ ነው ለማለት ጥቂት ይቀረዋል፤ ሁለቱም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናቸው። ሰዓታቸውም አንድ ነው። እዚህ ቡና ሲፈላ እዚያም ይፈላል። ተፈጥሮ ሁለት ከተሞችን ከዚህ በላይ እንዴት አድርጋ ልታቀራርባቸው እንደምትችል አይገባኝም።

አያቴ፣ የእናቴ አባት፣ በልደታው ሜዳ ዕቃ ጫኝና አውራጅ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን መንገደኛ ይዞ ከአዲስ አበባ ሲነሣ መድረሻው ካይሮ፣ መንገዱም በአስመራ በኩል ነበር። አውሮፕላኖቹ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ ዳግላስ ሲ 47 ናቸው፤ አምስት ነበሩ። አያቴ ስለ እነርሱ ሲያወራ ስለ በቅሎ የሚያወራ ይመስል ነበር አሉ። ሰዉ በግራና በቀኝ ባለው አግዳሚ ላይ ፊት ለፊት ተያይቶ ይቀመጣል፤ በመካከል ዕቃው ይደረደራል። አየሩ ሲናወጥ ማን ማን ላይ እንደሚወድቅ አይታወቅም። አያቴ አንድም ቀን አልተሳፈረም። ነገር ግን የዓለምን ጂኦግራፊ በጭነት ተምሮት ነበር፤ ይህ ከረጢት የአስመራ ነው፣ ያ ሳጥን የካይሮ ነው እያለ። እናቴ ከእርሱ የሰማችውን አንድ ነገር ሁልጊዜ ትደግመዋለች፤ «ካይሮ የሚሄድ ሰው በአስመራ ያልፋል» ይል ነበር። ይህን ዓረፍተ ነገር አንባቢዬ ያዝልኝ።

ታላቅ አክስቴ ከልደታ የበረረችው በ1953 ዓ.ም. ነው። አስመራ ለሚሠራ ሰው ተድራ ነበር። ሻንጣዋን አውሮፕላኑ ውስጥ ያስገባው አባቷ ራሱ ነው፤ ሥራው ነዋ። እናቴ ያኔ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበረች። በአጥሩ ሽቦ በኩል ሆና አየች። ጠዋት ከልደታ የተነሣ ሰው ለምሳ አስመራ ስለሚደርስ ማንም ብዙ አላለቀሰም ትላለች። «የሩቅ አገር አልመሰለንም። ደብረ ብርሃን በመኪና እንደ መሄድ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ልደታ ብዙ አልቆየም። የጄት ዘመን መጣ፤ አየር መንገዱ በ1955 ዓ.ም. ቦይንግ 720 ጄቶችን ሲያስመጣ የልደታው መንደርደሪያ አልበቃቸውም። በከፍታ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላን ለመነሣት ረዘም ያለ ሜዳ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ቦሌ ተሠራ። አክስቴ ለጥየቃ ስትመጣ የምታርፈው ቦሌ ሆነ። ሆኖም በጦርነቱ ዘመን ሁሉ መምጣቷን አልተወችም። የየብሱ መንገድ ሲዘጋ አየሩ ነበር። የካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ ከእጅ ከወጣች በኋላም አስመራ የምትተነፍሰው በአየር ብቻ ሆኖ ነበር። በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ራሷን የቻለች አገር ስትሆንም እናቴ የታያት ልዩነት በአየር ማረፊያው ሰልፉ መቀየሩ ነው። እህቷ እንደ ወትሮው ትመጣ ነበር።

የመጨረሻው ጊዜ ለ1990 ፋሲካ የመጣችበት ነው። ያን ጊዜ ልጅ ነበርኩ፤ አስታውሳለሁ። ልደታ አምስት ቀን ሲቀረው ልትሄድ ሻንጣዋን ዘጋች። እናቴ የበሩን መቃን ይዛ ለመነቻት።

«እትዬ፣ ለልደታ እንኳ ቆዪ እንጂ። ንፍሮሽን በልተሽ ትሄጃለሽ።»

«በሚመጣው ዓመት እበላዋለሁ» አለች አክስቴ። «ምን ችግር አለው? ሰዓት የማይሞላ መንገድ።»

ሚያዝያ 26 ሄደች። ሚያዝያ 28 ባድሜ ላይ ተኩስ ተከፈተ። ብዙም ሳይቆይ በረራው ቆመ፤ ስልኩም ዝም አለ። ጦርነቱ ያስከተለውን እዚህ አልዘረዝርም፤ የሞተው ሕዝብ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ነው፤ ከሁለቱም ወገን ከቤቱ ተነሥቶ ድንበር የተሻገረው ሰው ደግሞ እጅግ ብዙ ነው። ከእነርሱ ጋር ሲነጻጸር የሁለት እህትማማቾች መለያየት ትንሽ ነገር እንደ ሆነ አውቃለሁ። ታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. አልጀርስ ላይ ስምምነት ሲፈረም እናቴ ሬዲዮኑን ከፍ አድርጋ አዳመጠችና «እንግዲህ አውሮፕላኑ መቼ ይጀምራል?» አለች። ስለ በረራ የተናገረ ሰው አልነበረም። ተኩሱ ቆመ እንጂ መንገዱ አልተከፈተም።

ሃያ ዓመት እንዲህ ሆነ።

በዚያ ሃያ ዓመት ውስጥ ድምፃቸው የሄደበትን መንገድ ልንገራችሁ። የአክስቴ ልጅ ዋሽንግተን ይኖራል። እርሱ ሁለቱንም ከተሞች መጥራት ይችላል፤ ሁለቱ ከተሞች ግን እርስ በርስ መጠራራት አይችሉም። እሑድ ማታ በሁለት ሰዓት የስልክ ካርዱን ፍቆ በአንዱ ስልክ እናቴን፣ በሌላው አክስቴን ይጠራና መነጋገሪያዎቹን አንዱን ቀጥ፣ ሌላውን ግልብጥ አድርጎ ያጋጥማቸዋል፤ የአንዱ መስሚያ ከሌላው መናገሪያ ጋር እንዲገናኝ። በኋላ ሦስት ሰው በአንድ መስመር የሚያነጋግር ዘዴ መጣለትና ከዚህ ተገላገለ። እንዲያም ሆኖ ድምፁ እየዘገየ ይደርስ ስለነበር እህትማማቾቹ አንዷ በሌላዋ ንግግር ላይ ይረማመዱ ነበር። ስለዚህ ሕግ አወጡ፤ የተናገረች «ጨረስኩ» ትላለች። እናቴ እስከ ዛሬ በጎረቤት ስልክ ስታወራም አንዳንዴ «ጨረስኩ» ይላታል።

ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን በአየር ከ11,500 ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። ከዋሽንግተን አስመራ ደግሞ 11,000 ከመቶ አይጎድልም። ሲደመር 22,600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የመሬት ዙሪያዋ 40,000 ኪሎ ሜትር መሆኑን ያስታውሷል። ድምፅ እንደ ወፍ ቀጥ ብሎ እንደማይበር አውቃለሁ፤ ግን ለአፍታ እንደዚያ ብናስበው፣ እናቴ «እንዴት አደርሽ» ለማለት ከመሬት ግማሽ ዙሪያ የሚበልጥ መንገድ ትሄድ ነበር። ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር ላይ ወዳለችው እህቷ።

በመካከሉ ሰፈራችን ፈረሰ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የልደታ አሮጌ ቤቶች ተነሥተው ኮንዶሚኒየም ተሠራበት፤ እኛም ዕጣ ደርሶን አራተኛ ፎቅ ላይ ወጣን። አክስቴ የምታውቀው በር፣ እናቴ የያዘችው መቃን የለም። አክስቴ በቃሏ የያዘችው የስልክ ቁጥርም የለም፤ እርሷ የምታውቀው ባለ ስድስት አሃዙን ነው፤ ከተማው ወደ ሰባት ከተሻገረ ቆይቷል። እናቴ ይህን ስታስብ ትጨነቅ ነበር። «መንገዱ ዛሬ ቢከፈት እንኳ እትዬ የት ብላ ትመጣለች?»

መንገዱ በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ተከፈተ። የሁለቱ አገር መሪዎች አስመራ አየር ማረፊያ ላይ ሲተቃቀፉ በቴሌቪዥን አየን፤ በዚያው ሰሞን ስልኩ ሠራ። እናቴ ከአስመራ የደረሳት የመጀመሪያ ጥሪ ግን የእህቷ አልነበረም። አንድ የማናውቀው ልጅ ነው። በዚያ ሳምንት ሰዎች ከሁለቱም ወገን ያገኙትን ቁጥር እየመቱ የማያውቁትን ሰው ሰላም ይሉ ነበር። በተሰባበረ አማርኛ «ደኅና ናችሁ? ምንም አልፈልግም፤ ለሰላምታ ነው» አላት። እናቴ አልለቀቀችውም። የየትኛው ሰፈር ልጅ እንደ ሆነ ጠየቀችው፤ የእህቷን ሰፈር ነገረችው፤ ሄዶ በሯን እንዲያንኳኳ አዘዘችው። ሄደ። በማግስቱ አክስቴ በዚያ ልጅ ስልክ ደወለች። ዋሽንግተን የሌለበት የመጀመሪያ ንግግራቸው ያ ነው። ሁለቱም በልማድ «ጨረስኩ» እያሉ ተነጋገሩ።

ሐምሌ 11 በረራው በሃያ ዓመቱ ሲጀምር የሕዝቡ ብዛት አንድ አውሮፕላን ስላልበቃው ሁለት ተከታትለው ተነሡ። እኛ ቦታ አላገኘንም፤ የሄድነው በጳጉሜን ነው። እናቴ ሌሊቱን አልተኛችም። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ አዲስ ነጠላ ይዛለች። አውሮፕላኑ ውስጥ በመስኮት በኩል ተቀመጠችና ነጠላዋን አጣፍታ እጇን አጣጥፋ ራሷን ማዘጋጀት ጀመረች። ምን ብላ እንደምታቅፋት፣ ከማን ሞት ጀምራ እንደምትነግራት ታስብ ነበር፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይ ነበር። ቁርስ መጣ። ሻዩን እስኪበርድ አስቀመጠችው። ከዚያ አውሮፕላኑ ዝቅ ማለት ጀመረ።

«ምን ሆነ?» አለችኝ።

«ደረስን።»

«የት?»

«አስመራ ነዋ፣ እማዬ።»

«አትቀልድብኝ።»

መንኮራኩሮቹ መሬቱን ነኩ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ፤ እልል አለ። እናቴ ግን ቀበቶዋን አልፈታችም። ሰዉ ወርዶ ሊያልቅ ሲል እንኳ ከመቀመጫዋ አልተነሣችም። ደስታ ነው ያደነዘዛት ብዬ ነበር፤ ኋላ ፊቷን ሳየው ቁጣ ነው። ሻዩን አየችው፤ ገና እንፋሎት ነበረው። «ለዚህች ነው?» አለች። «ሃያ ዓመት ያለቀስኩት ለዚህች ነው?» መንገዱ ሩቅ ቢሆን ኖሮ ይቅር ትለው ነበር መሰለኝ። ሦስት ቀን የሚያስኬድ በረሃ፣ ባሕር፣ አንድ የሚያስፈራ ነገር መካከል ላይ ቢኖር ያ ሁሉ ዘመን ምክንያት ያገኝ ነበር። የቀረበላት ግን አንድ ብርጭቆ ሻይ የማያበርድ ጉዞ ነው። እኔ በዕድሜዬ ከሰማኋቸው ክሶች ሁሉ የሚከብደኝ ይህ ነው፤ ለማን እንደሚቀርብ ግን አላውቅም።

በመውጫው በር ላይ አክስቴ በምርኩዝ ቆማለች። አጥራለች። እናቴም ለእርሷ እንደዚያው ሆናባት ይሆናል። ተቃቅፈው ቆዩ፤ ያሰበችውን ሁሉ አልተናገረችም። መጀመሪያ የተናገረችው አክስቴ ናት።

«የልደታውን ንፍሮ አመጣሽ?»

«በርዷል» አለች እናቴ።

እዚያው ተንበርክከው መሳቅ ያዙ። ማልቀሱ በኋላ ነው የመጣው።

በ2011 አክስቴ በተራዋ ለግንቦት ልደታ መጣች፤ ከኮንዶሚኒየሙ ግቢ ከጎረቤት ጋር በሰፌድ ዙሪያ ተቀምጣ በሃያ አንድ ዓመቱ ንፍሮዋን በላች። አራተኛ ፎቅ ስትወጣ ግን «እናንተም ወደ አየር ተነሣችሁ?» ብላ አማርራለች። ከዚያ ወዲያ ያለው ይታወቃል። ወረርሽኝ መጣ፤ ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ደግሞ በሰሜን ጦርነት ሆነ። በዚያ ጊዜ ከአዲስ አበባ መቀሌም መብረር ቀረ፤ ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. የመጀመሪያው መንገደኛ አውሮፕላን መቀሌ ሲያርፍ ቤተሰብ በማረፊያው ላይ ተቃቅፎ ሲያለቅስ ያየን ሰዎች ሻዩ ትዝ ብሎናል። የአስመራው በረራ ግን ነሐሴ 28 ቀን 2016 ዓ.ም. እንደገና ቆመ። አየር መንገዱ ከዐቅሜ በላይ የሆነ ሁኔታ ገጥሞኛል አለ። አስቀድሞ የኤርትራ ባለሥልጣናት የመንገደኞች ሻንጣ ይጠፋል፣ ዋጋው ከልክ አልፏል ብለው በረራውን እንደሚያስቆሙ አስታውቀው ነበር። ማን ምን እንዳደረገ መፍረድ የእኔ ሥራ አይደለም። እናቴ ዜናውን ስትሰማ የተናገረችው «አሁንስ ስንት ዓመት ይሆን?» ብቻ ነው።

እንግዲህ በዚያ ማታ፣ ንፍሮው እየፈላ፣ ሌላ መንገድ ስፈልግላት አመሸሁ። በካይሮ በኩል አለ። ከአዲስ አበባ ካይሮ 2,470 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከካይሮ ወደ አስመራ መመለሻው ከ1,800 ጥቂት ይበልጣል። ሲደመር የቀጥታው መንገድ ስድስት እጥፍ ነው። በዚያ ላይ በመካከሉ ያለው ቆይታ፣ የትኬቱ ዋጋ፣ የሰባ ስምንት ዓመት ሴት ጉልበት። ይህን ሁሉ ላንብብላት ብዬ ጠራኋት።

«በየት በኩል አልክ?»

«በካይሮ።»

ማማሰያዋን ይዛ በኩሽናው በር ላይ ቆመች። ጥቂት አሰበች።

«አባዬ እኮ ካይሮ የሚሄድ በአስመራ ያልፋል ነበር የሚለው» አለች። «እኔ አስመራ ለመሄድ በካይሮ ልለፍ? የገዛ ሰፈሬን ገልብጠውት?»

መልስ አልነበረኝም። በዚያ መካከል ስልኩ ጮኸ፤ ከዋሽንግተን ነው። የአክስቴ ልጅ ዛሬ አርጅቷል፤ ጸጉሩ መመለጡን በምስሉ አይተናል። ግን ዋዜማውን አልረሳም። «እማዬ መስመር ላይ ናት፣ ያዢ» አለና እርሱ ዝም አለ። እናቴ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል ይዛ ድስቱን ታማስል ነበር።

«ንፍሮው ደረሰ?» አለች አክስቴ። ድምፁን ክፍት አድርጋው ስለነበር እኔም ሰማሁ።

«እየፈላ ነው፣ እትዬ። ልጄ አሁን ጠይቆልኝ ነበር። አንድ ሰዓት ከሃያ ነው ይላል።»

«ምኑ?»

«መንገዱ። ጨረስኩ።»

ከወዲያ በኩል ለጥቂት ጊዜ ድምፅ ጠፋ። መስመሩ ይሁን አክስቴ አልለየሁም።

«እንግዲያውስ ሳይበርድ እደርሳለሁ» አለች።

እናቴ እሳቱን ቀነሰችው።